ጥያቄና መልስ፦ ፈረንጅ «ይጠቅማል» ሲልህ ምን ያህል ነው?

ዛሬ ማታ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድን ነገር አስፈላጊ ወይም ጠቃሚ የሚሉበትን ደረጃ ጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ጻፉልኝ፤ ማን ለማን እንዳለውም ጨምሩ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ኢምፖርታንት፣ ኢሴንሻል፣ ክሩሻል፣ ቫይታል። የቱ ይበልጣል?

ይኸው፣ ገና ሳንጀምር! ኢምፖርታንት ከሁሉም ይለዝባል። ኢሴንሻል ያለሱ ነገሩ አይሆንም ነው። ክሩሻልና ቫይታል እዚያው አካባቢ ናቸው፤ ሰው ያቀያይራቸዋል። «ቬሪ ኢሴንሻል» ግን ጆሮ ይቧጥጣል። «አብሶሉትሊ ኢሴንሻል» በሉ።

ቢሮኛው፦ አሜሪካዊት አለቃዬ ስለ አንድ ሪፖርት «ዩ ማይት ዋንት ቱ ቼክ ዘ ዴትስ» ብላ ጻፈችልኝ። አልፈለግሁም፣ ተውኩት። በኋላ ተቆጣች።

እንዲህ ነው ጥያቄ! ቃሉን ካየህ «ቀኖቹን ማየት ትፈልግ ይሆናል» ነው። አለቃ ለሠራተኛ ሲለው ግን «ስህተት አለ፣ አርም» ነው። ትእዛዙን በሐሳብ መልክ ጠቅልለው ነው የሚሰጡህ። «ኢት ዉድ ቢ ዩስፉል ቱ ሃቭ ዚስ ባይ ፍራይዴይ» ብትልህም ያው ነው፤ ዓርብ ይድረስ ማለቷ ነው። ያንኑ የሥራ ባልደረባህ ቢልህ ግን ምክር ብቻ ሊሆን ይችላል። ማን ለማን እንዳለው እዩ የምለው ለዚህ ነው።

እንግሊዞቹማ ይብሳሉ። በኤፕሪል 1951 ኮሪያ ውስጥ፣ ኢምጂን ወንዝ አጠገብ፣ የእንግሊዝ ጦር በቻይናውያን ተከቧል። ብርጋዴር ብሮዲ ለአሜሪካዊው የበላዩ «ነገሩ ትንሽ ያዝ አድርጎናል» የሚል ዓይነት መልእክት ላከ። በእንግሊዝ አፍ ይህ «አለቅን» ነው። አሜሪካዊው ግን ብዙም የከፋ አልመሰለውም። ከተከበበው የግሎስተርሻየር ሻለቃ ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው።

የዘማች ልጅ፦ ኮሪያ ከተነሳማ የኛ ቃኘው ሻለቃም እዚያ ነበር!

ታሪክ ወዳድ፦ ኢምጂን ላይ አልነበረም። ቃኘው ፑሳን የገባው በሜይ ነው።

የዘማች ልጅ፦ ነበር ነው ያልኩት፣ ኢምጂን አላልኩም። አንብብ እንጂ!

ኧረ በፈጠራችሁ! ቀጣይ።

ለንደን፦ «ኳይት ጉድ» በጣም ጥሩ ማለት ነው አይደል?

አሜሪካ ከሆንክ ወደዚያ ይጠጋል። ለንደን ውስጥ ብዙ ጊዜ «አይከፋም» ነው።

ኮደሩ፦ ሹድ እና መስት ሰነድ ላይ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ይቺን ስጠብቅ ነበር። የኢንተርኔት ደንብ ጻፊዎች በዚህ ቢቸገሩ በማርች 1997 ለብቻው ሰነድ አወጡለት፤ አርኤፍሲ 2119 ይባላል። ጸሐፊው ስኮት ብራድነር ነው። መስት ቁርጥ ያለ ግዴታ ነው። «ሜይ» የሚለው ቃል ደግሞ እንደ ፍላጎትህ ነው። ሹድ መሃል ላይ ነው፦ በቂ ምክንያት ካለህ ልትተወው ትችላለህ፣ ግን መዘዙን አስቀድመህ መዝነህ። በ2017 ደግሞ ቃላቱ ይህን ትርጉም የሚይዙት በትልልቅ ፊደል ሲጻፉ ብቻ ነው የሚል ማብራሪያ ተጨመረ።

ከሰነድ ስትወጡ ሁለት ወጥመድ አለ። «መስት ኖት» ክልክል ነው፤ «ዶንት ሃቭ ቱ» ግን ግዴታ የለብህም ነው፣ ከፈለግህ አድርገው። ሁለተኛው «ሃድ ቤተር» ነው። ቤተር ስላለበት ለስላሳ ይመስላል። አይደለም፤ «ካላደረግህ ወዮልህ» ያዘለ ነው። ለአለቃችሁ «ዩ ሃድ ቤተር ሳይን ዚስ» እንዳትሉ።

ስም የለሽ፦ ሲግኒፊካንት ምንድን ነው?

ማን ለማን አለው?

ስም የለሽ፦ እንዲሁ ነው የጠየቅሁት።

እንግዲያው እኔም እንዲሁ አልፌዋለሁ።

ቨርጂኒያ፦ የሥራ ማስታወቂያ ላይ ሪኳየርድ፣ ፕሪፈርድ፣ ኤ ፕላስ ይላል። ሁሉንም ካላሟላሁ ልተወው?

አትተዪው እህቴ። ሪኳየርድ የተባለው የሙያ ፈቃድ ከሆነ ድርድር የለውም። ፕሪፈርድ ባይኖርሽም አመልክቺ። ኤ ፕላስ ማለት ካለሽ እሰየው ነው። አማርኛ መቻል ፕላስ ነው ካሉ ግን ከላይ ጻፊው።

አዲስ ገቢ፦ ክሩሻልና ቫይታል የቱ ይበልጣል?

ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ሚኒሶታ፦ ማሞቂያችን ተበላሽቶ ለአከራዩ «ቬሪ ቬሪ ኢምፖርታንት» ብዬ ጻፍኩ። ዝም አለኝ።

ቬሪ ስትደራርቢ መጨነቅሽን ብቻ ነው የሚያነበው። ምን እንደተበላሸ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ እሱንም ጻፊ። መጨረሻው ላይ «አይ ኒድ ዚስ ፊክስድ ባይ ቱሞሮው» በይ። «ፕሊስ» ጨምሪ፣ አይጎዳም። የላክሽውንም አታጥፊ።