ሰርቨሩ የላከውን ገጽ እንዳለ መያዝ

ወንድሜ፣ «ሠንጠረዡ በእኔ ኮምፒውተር ደህና ሆኖ ሳለ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ዘንድ ተበላሽቶ ይወጣል፤ ፒኤችፒው (ሰርቨሩ ላይ ገጹን የሚሠራው ፕሮግራም) ያመነጨውን ኤችቲኤምኤል (ብራውዘሩ የሚያነበውን የገጹን ጽሑፍ) እንዴት ላስቀምጠው?» ላልከው መልሴ ይኸው።

በመጀመሪያ በብራውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ላይ አትተማመን። እዚያ የምታየው ብራውዘሩ ያረመውንና ጃቫስክሪፕቱ የነካካውን ነው። ከሠንጠረዡ ሕዋሶች ውጪ፣ በረድፎች መካከል፣ አንድ የማስጠንቀቂያ መልእክት ሾልኮ ቢገባ ብራውዘሩ አውጥቶ ከሠንጠረዡ በላይ ያስቀምጠዋል። አንተም ከሠንጠረዡ በፊት ያለውን ኮድ ስታገላብጥ ትውላለህ፤ ጥፋቱ ግን ረድፎቹን በሚያወጣው ዑደት ውስጥ ተቀምጧል። ኮዱ ውስጥ ኤኮ (ጽሑፍ ወደ ገጹ የሚያወጣውን የፒኤችፒ ትእዛዝ) እየበተኑ መፈለግም አልወድም፤ ገጹን ራሱን ይለውጠዋልና።

እኔ የምይዘው መውጫው ላይ ነው። ኦቢ ስታርትን (ob_start፣ የገጹን ውጤት ከመላኩ በፊት የሚያጠራቅመውን የፒኤችፒ ትእዛዝ) ከሁሉም ኮድ በፊት ጥራና አንድ ፈንክሽን ስጠው። ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ የተጠራቀመው ውጤት ለዚህ ፈንክሽን ይደርሰዋል፤ እሱም ፋይል ላይ ይጽፈውና ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ይሰጣል። መመለሱን ከረሳህ ተጠቃሚው ባዶ ገጽ ያያል። የፋይሉንም አድራሻ ከሥሩ ጀምረህ ሙሉውን ጻፍ፤ አፓቼን የመሰሉ የድረ ገጽ ሰርቨሮች ፈንክሽኑ ሲጠራ የሥራ ማውጫውን ሊቀይሩ ስለሚችሉ አጭር አድራሻ ባላሰብከው ቦታ ይጥልብሃል።

በፋይሉ ስም ላይ ሰዓቱንና ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለየ መለያ አስገባ፤ አለዚያ ሁለት ሰው እኩል ሲገባ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። የሁሉንም ሰው ገጽ አትሰብስብ፤ ቅሬታ ባቀረበው ተጠቃሚና በዚያ ገጽ ብቻ ወስነው። የሰው የግል መረጃ ስለሚኖርበትም ማህደሩ በድረ ገጽ አድራሻ የማይደረስበት ይሁን፤ ሥራው ሲያልቅ አጥፋው።

ከዚያ ደህናውንና የተበላሸውን ፋይል በዲፍ (የሁለት ፋይሎችን ልዩነት በሚያሳየው መሣሪያ) አስተያያቸው። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ በተጠቃሚው መረጃ ውስጥ ያለ፣ ብራውዘሩ እንደ ታግ መጀመሪያ እንዳያነበው ሳይለወጥ የወጣ የ«ያንሳል» ምልክት (<) ወይም ሳይዘጋ የቀረ ታግ ነው።

አንድ የሚያመልጥ ነገር አለ፦ ከኦቢ ስታርት በፊት የወጣ ውጤት አይያዝም። በኮድ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ኤዲተር የተወው፣ ለዓይን የማይታይ የ3 ባይት የዩቲኤፍ-8 ምልክት እንዲህ ያመልጣል። ስለዚህ ያንኑ ገጽ በዚያው ተጠቃሚ ኩኪ በከርል (ገጽን ያለ ብራውዘር በሚያወርደው መሣሪያ) አውርደህ መጠኑን ከያዝከው ፋይል ጋር አነጻጽር። ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ በዲፍም ደህናውና የተበላሸው ካልተለያዩ፣ ፒኤችፒውን ተወውና በተጠቃሚው ብራውዘር የተቀመጠውን የቆየ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነውን ፋይል) መርምር።