«ልውጠ ሕያው» ወይስ «ልውጥ ሕያው»?

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለ ዲኤንኤ ቴክኖሎጂና ስለ ዘረመል ምሕንድስና ለተማሪዎቼ በአማርኛ አጭር ማስታወሻ ሳዘጋጅ ሦስት ነገሮች አስቸገሩኝ። ዘረመሉ በምሕንድስና የተለወጠን ሕያው ነገር ጋዜጦች «ልውጠ ሕያው» ብለው ይጽፋሉ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ትክክሉ «ልውጥ ሕያው» ነው ይለኛል። ወላጆቻቸው በመተማ ጥጥ የሚያመርቱ ተማሪዎቼ ደግሞ «የተዳቀለ ማለት አይደለም ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሦስተኛም፣ ዲኤንኤን የሚቆርጠውን ኢንዛይም «ገዳቢ» ልበለው ወይስ «ቆራጭ»?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ እኔንም ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የኖረ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። እኔ የምጽፈው «ልውጥ ሕያው» ብዬ ነው። በግእዝ ሥርዓት ሁለት ስሞች ሲናበቡ፣ ማለትም ተያይዘው የፊተኛው የኋለኛው ሲሆን፣ የፊተኛው መድረሻ ፊደል ሳድስ (ስድስተኛው ድምፅ) ከሆነ ወደ ግእዝ (ወደ መጀመሪያው ድምፅ) ይመለሳል፤ «ቤት» «ቤተ መንግሥት» የሚሆነው በዚህ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 655 የሚጠራበት «ደኅንነተ ሕይወት» የሚለው ስምም እንዲሁ የተስተካከለ ተናባቢ ነው፤ ደኅንነቱ የሕይወት ነውና። ቅጽል በዚሁ መንገድ ሲናበብ ግን ትርጉሙ ይዞራል። «ንጹሐ ልብ» ማለት ልቡ ንጹሕ የሆነ ሰው ማለት ነው እንጂ ንጹሕ የሆነ ልብ ማለት አይደለም። በዚህ ሚዛን «ልውጠ ሕያው» ሲባል፣ አንድ ሌላ አካል ኖሮ በውስጡ ያለው ሕያው ነገር የተለወጠበት ይመስላል። እኛ ልንል የፈለግነው ግን የተለወጠው ሕያው ራሱ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቅጽሉን ሳያናብቡ ከስሙ በፊት ማስቀመጥ ይበቃል።

የተናባቢውን መንገድ የሚደግፉ ሊቃውንት አሉ፤ ክርክራቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ቅጽል እንደ ስም ሊያገለግል ይችላልና «ቅዱሰ እስራኤል» እንደሚባለው ሁሉ «ልውጠ ሕያው» ማለትም «ከሕያው ወገን የሆነው ልውጥ» ማለት ነው ይላሉ። ይህ በግእዝ የሚያስኬድ መንገድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን እንዲህ ከሆነ ብዙ ቁጥሩን ሲያመጡ መሪውን ቃል ማብዛት ይገባቸው ነበር፤ «አብያተ ክርስቲያናት» ብለን ቤቱን እንደምናበዛ ማለት ነው። «ልውጣነ ሕያዋን» የሚል ግን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም የሚያበዛው «ሕያው» የሚለውን ብቻ ነው። ይህም የሚያሳየው ተናጋሪው በልቡ «ሕያው»ን መሪ፣ «ልውጥ»ን ቅጽል አድርጎ መያዙን ነው። ፊደሉ ተናባቢ ይሁን እንጂ ስሜቱ የቅጽል ነው።

በዚያ ላይ «ልውጥ» የሚለው ቃል ቅርጹ የአማርኛ ነው። ግእዙ «ወለጠ» ይላል፤ አማርኛ የፊተኞቹን ሁለት ፊደላት ቦታ አቀያይሮ «ለወጠ» አለ። የጥንቱ ሥርዓት «ተውላጠ ስም» በሚለው የሰዋስው ቃላችን ውስጥ እስከ ዛሬ ሳይነካ አለ፤ ተውላጠ ስም በስም ፈንታ የሚለወጥ ቃል ነውና። በመጻሕፍት ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ «ውላጤ» የሚለውን ቃል ከምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት ያውቀዋል፤ መለኮትና ትስብእት የተዋሐዱት ያለ ቱሳሔና ያለ ውላጤ ነው እየተባለ ይተረጎማል። ስለዚህ ቃሉን በግእዝ ክብር ላስቀምጠው የሚል ሰው «ውሉጠ ሕያው» ብሎ መጻፍ ነበረበት። አማርኛ የግእዝን ማናበብ ለራሱ ቃላት ፈጽሞ አይጠቀምም ማለቴ አይደለም፤ «እጀ ጠባብ» እንላለን፣ «እጅ» የሚለውም የአማርኛ ቅርጽ ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ አማርኛ እንዲህ ሲያናብብ ስሙን ያስቀድምና ቅጽሉን ያስከትላል፤ «ልበ ሙሉ»፣ «ዓይነ ስውር» የሚሉት ሁሉ በዚሁ ሥርዓት የተበጁ ናቸው። ቅጽሉን አስቀድሞ የሚያናብበው «ልውጠ ሕያው» ጆሮዬ ላይ የሚጎረብጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቱሳሔ መቀላቀል ነው፤ ውላጤ መለወጥ ነው። ሊቃውንቱ ሁለቱን ለየብቻ የጠሩት አንዱ ሌላውን ስለማይተካ ነው፤ ይህን ልዩነት ለሥነ ሕይወት ክፍልም ብንዋሰው ይጠቅመናል። ማዳቀል የአንዱን ዝርያ የአበባ ዱቄት በሌላው ላይ አድርሶ የሁለቱን ወላጆች ዘረመል በሙሉ ማቀላቀል ነው። በዘረመል ምሕንድስና ግን አንድ የታወቀ ዘረመል ተለይቶ ይወጣል፤ ከዚያም ሊዳቀለው ወደማይችል ሌላ ሕያው ሳይቀር ሊገባ ይችላል። ቢቲ ጥጥ የሚባለው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ከተባለ የአፈር ባክቴሪያ የመጣ ዘረመል ያለበት ነው። ይህ ዘረመል የሚያስገኘው ፕሮቲን የጥጥ ፍሬ የሚበላውን ትል አንጀት በስቶ ይገድለዋል። ጥጥና ባክቴሪያ ደግሞ በየትኛውም ማሳ ሊዳቀሉ አይችሉም።

ይሁን እንጂ ተማሪዎችዎን አይቆጧቸው፤ ጉዳዩ ከሚመስለው ይልቅ የተወሳሰበ ነውና። በ2010 ዓ.ም. በአገራችን እንዲመረቱ የተፈቀዱት የቢቲ ጥጥ ዓይነቶች ከህንድ የመጡ ድቅሎች ናቸው። ስለዚህ ያ ጥጥ በአንድ በኩል የተዳቀለ፣ በሌላ በኩል የተለወጠ ነው። የመተማ ገበሬ «የተዳቀለ ነው» ቢል አልዋሸም፤ የተናገረው ግን ስለ ዘሩ የወላጆች ጋብቻ ነው እንጂ ከባክቴሪያው ስለመጣው ዘረመል አይደለም። በ«ዲቃላ» ቃል ላይ ከጋብቻ ውጭ ከመወለድ የመጣ ነቀፌታ ስላለበትም፣ ሰው አዲሱን ነገር ሲፈራ ወይም ሲጠራጠር ወደዚህ ቃል ይሮጣል። ለፍርሃቱም ለጥርጣሬውም ቦታ አለው፤ ስለ ትክክለኛው ነገር ይከራከር ዘንድ ግን በስሙ ሊጠራለት ይገባል።

ወደ ሦስተኛው እንምጣ። እዚህ ላይ ቃል በቃል መተርጎምን የሚወዱ ሰዎች «ገዳቢ» ይላሉ፤ የእንግሊዝኛው ስም («ሪስትሪክሽን ኢንዛይም») በርግጥ ገደብን የሚያመለክት ነውና። ስሙ ግን ከታሪክ የመጣ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በቫይረስ ሲጠቁ የቫይረሱ መራባት በውስጣቸው እንደሚገደብ ሳይንቲስቶች አስተዋሉ። ቨርነር አርበር ይህን መርምሮ ባክቴሪያው የባዕዱን ዲኤንኤ በኢንዛይም እንደሚቆራርጥ አመለከተ፤ ሃሚልተን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ኢንዛይሙ በአንድ በተወሰነ የዲኤንኤ ፊደላት (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ ተብለው የሚጠሩት የኬሚካል ክፍሎች) ቅደም ተከተል ላይ እንደሚቆርጥ አሳየ፤ ዳንኤል ናታንስም በመሣሪያነት ተጠቀመበት፤ ሦስቱም በ1978 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። እንግዲህ «ገዳቢ» የሚለው ስም ኢንዛይሙ በቫይረሱ ላይ ያደረሰውን ውጤት ይነግረናል፤ ተማሪው በቤተ ሙከራ የሚያየው ሥራ ግን መቁረጥ ነው። «ገዳቢ» ሲባል የሰማ ተማሪ አንድን ሂደት የሚያቆም ኢንዛይም ይመስለዋል፤ ይህም ያሳስተዋል። ስለዚህ «ቆራጭ» ይበሉት።

ግሡም ቢሆን በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም። «መበጠስ» ተስቦ ያልተለካ ቦታ ላይ ለሚለያይ ነው፤ «መቅደድ» ለጨርቅና ለወረቀት ነው፤ «መቁረጥ» ግን ቦታው ታስቦ የሚደረግ ነው። ከኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተገኘውን ኢኮ አር ዋን የተባለውን ኢንዛይም እንውሰድ። ይህ ኢንዛይም በዲኤንኤው ላይ ጂ፣ ኤ፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ ሲ የሚሉት ስድስት ፊደላት ተከታትለው ሲመጡ ይለያቸዋል። በዲኤንኤው ሁለት ክሮች ላይ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር ስለሚጣመሩ፣ ትይዩው ክር በራሱ አቅጣጫ ሲነበብ ያንኑ ቃል ይሰጣል። ኢንዛይሙ በሁለቱም ክሮች ላይ በጂ እና በኤ መካከል ይቆርጣል፤ በዚህም በየጫፉ ኤ፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ የሚሉ አራት ፊደላት ያለ ጥንድ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በዚያው ኢንዛይም የተቆረጠ የሌላ ሕያው ዲኤንኤ ሲቀርብ እነዚህ ጫፎች ይገጣጠማሉ።

በብዙ ማስታወሻዎች ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሊጌዝ የተባለው ኢንዛይም «ያጣብቃል» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሚጣበቁት በደካማው የሃይድሮጅን ትስስር አማካይነት ጫፎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ያ መጣበቅ ደግሞ በትንሽ ሙቀት ይላቀቃል። ሊጌዝ የሚሠራው የአንዱን ክር ስኳር ከሌላው ፎስፌት ጋር በጠንካራ ትስስር አገናኝቶ የተቋረጠውን ማስቀጠል ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ቃል አለው፤ የተቆረጠ ገመድ ይቀጠላል እንጂ አይጣበቅም። እንግዲህ «ጫፎቹ ይጣበቃሉ፣ ሊጌዝ ይቀጥላቸዋል» ብለው ቢጽፉ ሁለቱ ደረጃዎች ሳይምታቱ ይለያሉ። የኢንዛይሙን ስም ግን «ቀጣይ» ማለት አይቻልም፤ ሰው ሁሉ «የሚከተለው» ብሎ ያነበዋል። «ገጣሚ» የሚለውንም ባለቅኔ ይዞታልና ሊጌዝን በስሙ ይተዉት።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሳ። የተቀጠለውን ዲኤንኤ ወደ ባክቴሪያ የሚያስገባውን ፕላዝሚድ የተባለ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ «ተሸካሚ» ማለት ይስማማል፤ «አስተላላፊ» ካልነው ከወባ ትንኝ ጋር ይምታታል። ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር እ.ኤ.አ. በ1973 ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ከዚያም በባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ የሰው ኢንሱሊን በ1982 ለሕክምና ተፈቀደ። ካሪ መሊስ በ1983 ያመነጨውን፣ ፒሲአር የተባለውን የዲኤንኤ ቅጂ ማብዣ ዘዴ «ማባዛት» ይበሉት፤ የፈተና ወረቀት ይባዛል፣ ከብት ይረባል፤ ፒሲአር ደግሞ የአንድ ጽሑፍ ቅጂ የማብዛት ሥራ ነው። በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቅጂ ወደ አንድ ቢሊዮን ገደማ ሊደርስ ይችላል። ጀኒፈር ዱድናና ኢማኑኤል ሻርፐንቲየ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቁት ክሪስፐር የተባለው የዲኤንኤ ማረሚያ ዘዴ ደግሞ የውጭ ዘረመል ሳያስገባ የራሱን የሕያውን ጽሑፍ ሊያርም ይችላል። እዚህ ላይ «የተዳቀለ» የሚለው ፈጽሞ አይሠራም፤ «ልውጥ» የሚለው ግን በቋንቋ ደረጃ ይሠራል፤ ሕግ እንዲህ ያለውን ከልውጥ ይቁጠረው አይቁጠረው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም «ልውጠ ሕያው» በጋዜጣውም በሬዲዮውም እንደጸና አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ተስማምቶ የያዘውን ቃል አንድ ሰዋስው ዐዋቂ ከአፉ አያስጥለውም። ስለዚህ በማስታወሻዎ «ልውጥ ሕያው» ብለው ይጻፉ፤ በመጀመሪያ ሲመጣም «ልውጠ ሕያው ተብሎም ይጻፋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያክሉበት። በፈተና ላይ በተናባቢው የጻፈውን ተማሪ ነጥብ አይቀንሱበት። «የተዳቀለ» ብሎ የጻፈውን ግን የተናገረው ስለ ዘሩ ወላጆች ይሁን ወይስ ስለገባው ዘረመል መልሰው ይጠይቁት።