ኅዳር ሲታጠን፦ በሽታውን ያጠፋው ጭሱ ነው?

ጥያቄ፦ ጉለሌ ነው የምኖረው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል። የሰባት ዓመት ልጄ አስም አለበት። አምና ጭሱ አፍኖት በሌሊት ጤና ጣቢያ ይዘነው ሮጥን። ዘንድሮ «በራችን ላይ አይቃጠል» ብዬ ገና ሳልጨርስ አማቴ ተቀየሙኝ። «የኅዳር በሽታ የጠፋው በጭስ ነው፤ የአባቶችን ነገር አትናቂ» አሉኝ። እውነት ጭሱ ነው ያጠፋው? እንዴትስ ላስረዳቸው?
የልጅ እናት፣ ከጉለሌ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ። ጭሱ አላጠፋውም። አማትሽ ግን ከመሬት ተነስተው አልተቆጡም።

ነገሩ የሆነው በ1911 ዓ.ም. ነው። አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ኅዳር 2 ቀን ቆመ። በዚያው ወር አዲስ አበባ ቀባሪ አጥታ ነበር። ሌላው ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለውን እኛ የኅዳር በሽታ አልነው። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው እስከ 10 ሺህ ይደርሳል ይባላል፤ ያኔ ከተማዋ የዛሬዋን አንድ ክፍለ ከተማ እንኳ አታክልም ነበር።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በጠና ታመው ነው የተረፉት። 26 ዓመታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ልብ በይልኝ። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በሕፃንና በሽማግሌ ላይ ነው። ያኛው ግን ጉልበት ያለውን ጎልማሳ ለይቶ ጣለ። ቤት የሚያቆመው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ መቃብር የሚቆፍረው እሱ ነበር።

አያቴ ከእናቷ የሰማችውን ስትነግረን ስለ ትኩሳቱ ብዙም አታወራም ነበር። የምታወራው ስለ እንስራው ነው። አባት፣ እናት፣ ልጆች መደብ ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፤ እንስራው ደርቋል። ምንጩ ከቤቱ ቁልቁል ነው፣ ሩቅ አይደለም። ተነስቶ የሚቀዳ ግን የለም። ጎረቤት እንዳይጠራ እሱም ተኝቷል። ከዚያ ዘመን መከራ ሁሉ እኔን የሚከብደኝ ይሄ ነው። መድኃኒት አልነበረም፤ አንቲባዮቲክ ገና አልተገኘም። ውሃና ትኩስ አጥሚት የሚያቀብል እጅ ቢኖር ግን ስንቱ በተረፈ! ቀባሪ ሲጠፋ ብዙ ሬሳ በአንድ ጉድጓድ ይገባ ነበር፤ ጉድጓዱም ጥልቀት ስለሌለው ጅብ ይደርስበታል።

እንግዲህ ያ ሕዝብ ምን ያድርግ? የጉንፋን ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1925 ዓ.ም. ነው። በሽታ ከመጥፎ አየር ይመጣል የሚለው እምነት ደግሞ የቆየ ነው። ስለዚህ ቆሻሻውን ጠርጎ አቃጠለ፣ ቤቱን አጠነ። አልፈርድበትም። በሽታው ግን ያለ ጭስም ያልፍ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ፊላዴልፊያ ከ12 ሺህ በላይ ሰው ሞቶባት፣ በሳምንታት ውስጥ በረደላት። የተረፈው ሰው ሰውነቱ በሽታውን ስለለመደ፣ ቫይረሱ የሚይዘው አዲስ ሰው እያጣ ነው የሄደው።

ደግሞ ያኔ የሚቃጠለው ደረቅ ሣር፣ ቅጠል፣ ጭራሮ ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ የውሃ ኮዳ፣ አሮጌ ጫማ፣ አንዳንዴም ጎማ ነው። የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው፤ አስም ላለበት ልጅ ቀርቶ ለጤነኛም አይሆንም። ቆሻሻ መጥረጉን እኔም እወደዋለሁ፤ ዝንብና አይጥ ይቀንሳል፣ ቦዩ ይከፈታል። ክብሪቱ ይቅር ነው የምለው።

አማትሽን በክርክር አትግጠሚያቸው። ቡና አፍልተሽ «እማማ፣ በኅዳር በሽታ ከቤተሰብዎ ማን ሞተ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከወላጆቻቸው የሰሙት አይጠፋም። አውርተው ሲጨርሱ የልጁን ነገር ንገሪያቸው፤ የልጅ ልጃቸው ነው፣ አይጨክኑም። ለእድራችሁ ዳኛም ቀደም ብለሽ ንገሪ። ኅዳር 11 ቆሻሻው በጆንያ ተሞልቶ ለሰፈሩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ቢሰጥ ለማቃጠል የሚተርፍ አይኖርም።

የዘንድሮው ካልተሳካ ከዋዜማው ጀምሮ ልጁን ጭስ ወደማይደርስበት ዘመድ ቤት ውሰጂው። ፓፉ፣ ማለትም በአፉ የሚስበው የአስም መድኃኒቱ፣ አለማለቁን አስቀድመሽ እዪ። ፓፉን ወስዶም ትንፋሹ ካጠረው፣ ወይም መናገር ካቃተው፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ይዘሽው ሂጂ።