ጡንቻው አላለቀም፣ ትእዛዙ ነው የደከመው

ደብረ ማርቆስ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስለ ፓርኪንሰን፣ እንቅስቃሴን ስለሚያዘገየው የአንጎል ሕመም፣ እና ስለ አካል እንቅስቃሴ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ አባቴ ቢቸና አካባቢ ገበሬ ነው። ድሮ ሞፈር ተሸክሞ ዳገት ይወጣ ነበር፣ አሁን ከወንበር መነሳት አቃተው። ጡንቻው አለቀ?

መልስ፦ አላለቀም። በፓርኪንሰን የሚጎዳው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመርተው ክፍል ነው። ዶፓሚን ሲያንስ ለጡንቻ የሚደርሰው ትእዛዝ ይሳሳል፣ ይዘገያል። ጡንቻው ያለውን ጉልበት ቶሎ ማውጣት ያቅተዋል፣ ከወንበር መነሳት ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ግትርነቱ አለ፤ አንዱ ጡንቻ ሲስብ ሌላው አልለቅም ይላል፣ ፍሬኑ ሳይለቀቅ እንደሚነዳ አይሱዙ። ትንሽ ሠርቶ ብዙ የሚደክመው ለዚህ ነው። ዋናው መክሳት የሚመጣው "አርጅቷል፣ ይቀመጥ" ስንለው ነው። በፍቅር ነው የምንለው፣ ግን እንጎዳዋለን። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ደጋግሞ ይለማመድ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ።

ጥያቄ፦ እንቅስቃሴውን የሚሠራው መድኃኒቱን ከመዋጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልስ፦ በኋላ፣ ሰውነቱ ፈታ ሲል። ሊቮዶፓን፣ ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ብዙ ጊዜ ከምግብ 30 ደቂቃ ቀድሞ መዋጥ ይሻላል፣ የምግብ ፕሮቲን ወደ ደም በሚገባበት በር ይጋፋዋልና። የሥጋውም የሽሮውም።

ጥያቄ፦ ባቄላ ያድናል አሉን፣ ጎረቤት እሸት እያመጣችልን ነው።

መልስ፦ ወሬው ከሜዳ አልተነሳም። ባቄላ ውስጥ፣ በተለይ እሸቱ ላይ፣ ራሱ ሊቮዶፓ አለ። ግን መጠኑ ከማሳ ማሳ ይለያያል። እሸቱን ብሉ፣ ብዙ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። መድኃኒቱን ግን በድንገት እንዳታቋርጡ፣ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ያህል ይልፋ? የልብ ምቱን እንቁጠር?

መልስ፦ ላብ ያውጣው። በአንዳንድ ታማሚ ሲለፋ ልቡ እንደ ጤነኛ ሰው ቶሎ ቶሎ አይመታም፣ ስለዚህ ቁጥሩ ያታልላል። እያወራ መሄድ ከቻለ ግን መዝፈን ካቃተው ልኩ ነው። ሲነሳ የሚያዞረው ከሆነ ደም ግፊቱ እየወረደ ሊሆን ይችላል፣ ቀስ ይበል፣ ይለካም።

ጥያቄ፦ እናቴ በር ላይ እግሯ መሬት ይይዛል።

መልስ፦ አትጎትቷት፣ ትወድቃለች። ትቁም፣ ክብደቷን ግራና ቀኝ ታወዛውዝ፣ ከዚያ ትራመድ። መሬት ላይ የተሰመረ መስመርም ይረዳል። ምትም እንዲሁ። አንዲት የማውቃቸው እማማ በር ላይ ሲቆሙ ልጃቸው የቤተክርስቲያን ጭብጨባ ያጨበጭብላቸዋል። በሦስተኛው ምት ደጅ ናቸው።