ክረምት ሲወጣ የጓሮ ኩሬን ማጽዳት

ከአዘዞ የጻፉልን አንባቢ፣ ለእንቁራሪትና ለወፍ ብለው ያዘጋጁት የጓሮ ኩሬ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል እንደሚሸት፣ ጎረቤትም በትንኝ እንደሚያማርር ገልጸው፣ ለሕዳር ሲታጠን ግቢው ሲጸዳ ውኃውን ሙሉ በሙሉ ደፍተው ጂኦሜምብሬኑን (ውኃ እንዳይሰርግ ከሥር የተነጠፈውን ፕላስቲክ) በሳሙና ቢያጥቡት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

አይድፉት፤ ሳሙናም አያስነኩት። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ተሞልቶ በኋላ ባዶውን ስለሚከርም ብዙ ሰው ኩሬ ሁሉ እንዲሁ የሚያዝ ይመስለዋል፤ የእርስዎ ግን ፍጥረት የሚኖርበት ነው። ሽታው የሚነሣው ጎርፍ ያስገባው አፈርና የረገፈው ቅጠል ከሥር ተኝተው፣ አየር በሌለበት ሲበሰብሱ ከሚፈጠረው ጋዝ ስለሆነ፣ መቀነስ ያለበት ደለሉ ነው።

ሥራውን ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ፣ ፀሐይ ውኃውን ሳታጎድለው ይሥሩት፤ ሌሊት በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚቀንስና የተናወጠ ደለል የቀረውንም ስለሚጨርስ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አይጀምሩ። የውኃውን ሲሶ ብቻ በጎማ ወደ በርሜል ቀድተው በኋላ ለመመለስ ያስቀምጡ። አካፋ ጂኦሜምብሬኑን ስለሚቀድ ደለሉን በፕላስቲክ ባልዲ ያውጡ፤ ግማሹን ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ ማድረግ የተሻለ ነው። የወጣውን በጆንያ ላይ ዘርግተው ከኩሬው ዳር አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጥቂቱን በመዳፍዎ ቢበትኑት የበሰበሰ ቅጠል ያሉት ነገር ድንገት በስድስት እግሩ ሲራመድ ያያሉ፤ የትንኝን እጭ የሚበላልዎት እርሱ ነውና ወደ ውኃው ይመለስ። ደለሉን በማግሥቱ ለጌሾዎ ወይም ለጎመንዎ ያድርጉት።

ደንገሉንና ፊላውን ከሲሶ በላይ አይቁረጡ፤ እንቁራሪቶቹ በጋውን የሚጠለሉት እዚያው ነው። አበባው አምሮዎት እምቦጭ ከጣና አምጥተው እንዳይተክሉ ግን አደራ። በአቅራቢያው ባሕር ዛፍ ካለ ቅጠሉ ውኃውን ስለሚያጠቁርና ስለሚጎዳ ከላይ መረብ ይወጥሩ፤ ጠርዙ ግን እንስሳት እንዲያልፉ ከመሬት ከፍ ይበል። የጎደለውን በዝናብ ውኃ መሙላት ይመረጣል፤ የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አፉ በሰፋ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን ይደር።

ስለ ትንኙ፣ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ ትንኙን የሚበሉትንም ይገድላል። ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅበት በየሳምንቱ ዳር ዳሩን በነጭ ሳህን እየጨለፉ ይመልከቱ፤ የሚንፈራገጥ እጭ ካገኙ በወንፊት ያንሡት። ግቢ ውስጥ ውኃ የያዘ አሮጌ ጎማና የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ካለ አስቀድመው እርሱን ይድፈኑ፤ ትንኙን የሚበላ ነገር የሌለው እዚያ ነው።

ደለሉ በየዓመቱ የሚመለሰው ጎርፉ ስለሚገባ ነው። ስለዚህ ከሰኔ በፊት በኩሬው ላይኛ በኩል ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈር፤ የሚወጣው አፈርም በቦይውና በኩሬው መካከል እንደ እርከን ተደልድሎ ሣር ይተከልበት።