ስንት እሳት ማጥፊያ ልግዛ ላልሽው እህቴ፦ መጀመሪያ የጓጉንቸሩን ነገር እናውራ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በኪራይ ቤት ለ20 ልጆች ማቆያ ልትከፍቺ ነው። «ስንት እሳት ማጥፊያ ይበቃል? የቱ ይሻላል?» ብለሻል። ዋጋውንና መሸጫውን ሌሎች ጽፈውልሻል። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከጎዳና ለተነሱ ወንዶች ልጆች ማቆያ ስድስት ዓመት አስተባባሪ ነበርኩ። ያንቺም ቤት እንደኛው መሆኑ አይቀርም፦ ያረጀ ቪላ፣ መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ፣ ሳሎኑ መኝታ ቤት የሆነ፣ ተደራራቢ አልጋ።

1. ማታ የመኝታ ቤቱን በር ከውጭ እንዳትቆልፊ።

«ማን ይቆልፋል?» ትይኝ ይሆናል። እኛም እንደዚያ ስንል ነበር የቆለፍነው። አዲስ የመጡ ልጆች ሌሊት አጥር ዘለው ወደ ጎዳና ይመለሳሉ። አንዱ ለሦስት ቀን ጠፋና ቦርዱ ጮኸብን። በማግስቱ ጓጉንቸር ተገዛ። የገዛሁት እኔ ነኝ። ደረሰኙንም ያወራረድኩት እኔው ነኝ።

2011 ክረምት ላይ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ መብራት ጠፍቷል። አንዱ ልጅ አልጋው ጠርዝ ላይ ሻማ ለጥፎ እንቅልፍ ወሰደው። ስፖንጅ ፍራሽ ሲነድ አይተሽ ካላወቅሽ አያሳይሽ። ነበልባሉ ምንም አይደለም፣ ጉዱ ጭሱ ነው። ጥቁር ነው፣ ኮርኒሱን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። ላይኛው አልጋ ላይ የተኙት ናቸው መጀመሪያ የሚያገኙት። ልጆቹ በሩን ይደበድባሉ። ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ደግሞ ግቢው በር ጋ ባለችው ቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ምንም አይሰማም። የሞግዚቷ ጩኸት ቀስቅሶት ሲሮጥ መጣ። አንድ ቀለበት ላይ ስምንት ቁልፍ። በጨለማ አንዱን ይሞክራል፣ አይሆንም፣ ሌላውን ይሞክራል። አምስተኛው ከፈተ።

ሁሉም ወጡ። አንዱ ልጅ ክንዱ ተቃጥሏል። ሞግዚቷ ደንግጣ የጥርስ ሳሙና ቀባችው፣ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ጮኸችብን። ልክ ናት። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ነው፣ ቅቤም ሳሙናም የለም። የሞተ ቢኖር ኖሮ ይሄን የምጽፍልሽ ከወህኒ ቤት ነበር።

አሁን ጥያቄሽ ጋ ልምጣ። ማጥፊያ ነበረን። አራት፣ አዲስ፣ ቀያይ። የት? እንግዳ እንዲያያቸው ቢሮዬ ግድግዳ ላይ! ማታ ቢሮው ይቆለፋል። ቁልፉ ያው ቀለበት ላይ ነው።

2. ማጥፊያው ማደሪያው በር አጠገብና ኩሽና መውጫው ላይ ይሰቀል። ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ሲነፋ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጆቹን አውጪ፣ ማጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። የማጥፊያው ግፊት መለኪያ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ እዪ። ሞግዚቶቹም አንድ አሮጌ ማጥፊያ በእጃቸው ነፍተው ይልመዱ። የእኛዋ መያዣውን የሚቆልፈው ፒን መጀመሪያ መነቀል እንዳለበት ሳታውቅ መያዣውን ስትታገል ነበር።

3. ፍርግርጉ። እዚህ ላይ ከአከራይሽ ጋር መጣላትሽ ነው። የእኛው «ሌባ ቢገባስ?» አለኝ። ኬንያ ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. ኪያንጉሊ በሚባል ትምህርት ቤት ማደሪያ 67 ወንዶች ልጆች ተቃጥለው እንደሞቱ ነገርኩት፤ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር፣ መስኮቱ ብረት ነበር። ዝም አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ጓቲማላ ውስጥ በመንግሥት የልጆች ማቆያ፣ ክፍል ተቆልፎባቸው 41 ሴት ልጆች እንደሞቱ ስነግረው «እሱ ሌላ አገር ነው» አለ። በመጨረሻ ስንለቅ መልሰን እንደምናስበይድለት ፈርመን ፈቀደ። በያጅ አምጥተን በየክፍሉ የአንድ መስኮት ፍርግርግ ቆረጥንና ማጠፊያ አስገባንለት። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው፣ ያለ ቁልፍ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚከፍተው። ራሱ ሲከፍተው ካላየሁ ብዬ ለበያጁ ገንዘብ አልከፈልኩም።

ልጆቹ ይጠፋሉ የሚለውስ? ሁለት ጠፉ። ሁለቱም ተመለሱ።

4. ቢሮ። ቤቱን ባለሙያ እንዲያይልን አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ «ደብዳቤ በማህተም»፣ ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። በሦስተኛው መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል «ቃጠሎ ደርሶባችኋል?» አለኝ። ይሄ ከቃጠሎው ስድስት ወር በፊት ነው። «አልደረሰም» አልኩ። «ታዲያ ምን አስቸኮለህ?» አለኝ። እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁለትም። የደብዳቤውን ግልባጭ ግን አስቀምጫለሁ፣ አንቺም ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ሳታስጽፊ አትውጪ። እሳት አጥፊዎቹ ራሳቸው ሌላ ሰው ናቸው። ከአደጋው በኋላ አንዱ በእረፍት ቀኑ መጥቶ ልጆቹን ጭስ ውስጥ በጉልበት መዳህ አስተማረልን፣ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ሄደ።

ያን ሌሊት ሞግዚቷ የእሳት አደጋ ቁጥሩ 939 ላይ ሳይሆን መጀመሪያ እኔ ጋ ነበር የደወለችው። ልማድ ነው። የእሳት አደጋ መኪናውም ሲመጣ መግቢያችን ላይ ጎረቤት ያራገፈው አሸዋ ነበር። አሁን ቁጥሩ በትልቁ ስልኩ ጋ ተለጥፏል፣ «ከወፍጮ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ በር» የሚለውም ከሥሩ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ አስፋልቱ ላይ ይቆማል።

ልምምዱን በወር አንዴ፣ ሳትነግሪያቸው፣ ማታ አድርጊው። የመጀመሪያው ቀን ግማሾቹ ጫማ ሲፈልጉ፣ ግማሾቹ ሲስቁ አራት ደቂቃ ፈጀብን። እኔ ስለቅ 50 ሰከንድ ደርሰው ነበር። ክንዱ የተቃጠለው ልጅ ነው በር ላይ ቆሞ የሚቆጥራቸው። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ረስቼ ውስጥ ስቀር «አስተባባሪው ቀርቷል!» ብሎ ጮኸብኝ።

ፍርግርጉን የሠራልንን በያጅ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ስልኩን እሰጥሻለሁ። አከራይሽን ግን ራስሽ ቻይው።