ጥቁር ቀበቶ ይዞ ወደ ዩክሬን ግንባር

ጥያቄ፦ ካራቴና ሙአይ ታይ ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የሁለተኛ ዳን ጥቁር ቀበቶም አለኝ። ውትድርና ግን አላውቅም። በፈቃደኝነት ዩክሬን ሄጄ ልዋጋ አስቤያለሁ። ችሎታዬ ይጠቅመኛል? ብማረክስ?

መልስ፦ የጨበጣ ውጊያ እዚያ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ሰው የሚጨርሰው በአብዛኛው የመድፍ ፍንጣሪና ድሮን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2022 የውጭ ፈቃደኞች ይሠለጥኑበት የነበረው የያቮሪቭ ጣቢያ በሩሲያ ሚሳኤል ሲመታ 35 ሰዎች መሞታቸውን የዩክሬን ባለሥልጣናት ተናግረዋል። ቦታው ለፖላንድ ድንበር የቀረበ እንጂ ግንባር አልነበረም።

ከስፖርቱ የሚተርፍዎት ድካምን መቻል፣ ትእዛዝ መቀበልና አንድን ነገር እስኪዋሃድ መደጋገም ነው። በተረፈ ብዙ የሚተዉት አለ። ሲመቱ ወደፊት የመግፋት ልማድዎ እዚያ ያስገድላል፤ ቀድሞ የሚመጣው መተኛትና ከለላ መያዝ ነው። ለውድድር ብሎ ውሃ አቋርጦ ኪሎ መቀነስም ይቅር፤ ውሃ ያጠረው ሰውነት ደም ሲፈስሰው ቶሎ ይዝላል። በቡጢ ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ለሐኪም አይደብቁ፤ የፍንዳታ ግፊት በቀድሞው የአንጎል ጉዳት ላይ ይደረባል።

ጥይት መከላከያ ሰደርያ፣ የውጊያ ቆብ፣ ጥይትና ውሃ ሲደመር ከ25 ኪሎ በላይ ይሆናል። በባዶ እግር በምንጣፍ ላይ የሠለጠነ ጉልበትና ወገብ ይህን አልለመደም። በጫማ፣ ከ10 ኪሎ ጀምረው በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ ይራመዱ፤ አይሩጡ።

ከርግጫ ይልቅ ቱርኒኬት (በዘንግ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ይለማመዱ። ማሰሪያው ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በላይ ይውላል፤ በመገጣጠሚያ ላይ ግን አይደረግም። ቁስሉ ካልታየ እስከ ብብት ወይም እስከ ብሽሽት ከፍ ይደረጋል። ዘንጉ ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል፤ ሰዓቱ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ለምን መሰለዎት? ኪስ ውስጥ የቀረ ስልክ ወይም ቁልፍ ማሰሪያው ሥር ገብቶ እንዳይጠብቅ ያደርጋል። ቁስለኛው ሲጮህ አዝኖ ማላላትም አለ፤ ግማሽ የጠበቀ ማሰሪያ ደም መላሹን ብቻ ዘግቶ መፍሰሱን ያብሳል። ከሁለት ሰዓት ካለፈ ደግሞ እግሩን ወይም እጁን የማጣት አደጋው እየጨመረ ስለሚሄድ ቁስለኛው ቶሎ መውጣት አለበት። በግራም በቀኝም እጅ፣ በጨለማም፣ ተኝተውም ይሞክሩት።

ስለ ምርኮ፦ ቅጥረኛ ማለትም ለገንዘብ ብሎ የሚዋጋ የውጭ ሰው የጦር ምርኮኛ መብት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የጄኔቫ የጦርነት ሕግ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 47 መሠረት አንድ ሰው ቅጥረኛ የሚባለው ስድስት መስፈርቶች በአንድነት ሲሟሉ ነው፤ አንዱ የተዋጊው ወገን ጦር አባል አለመሆን ነው። ስለዚህ ከመደበኛው ጦር ጋር የተፈረመ ውል ሳይኖርዎት መሣሪያ አይያዙ። ውል ሁሉንም አያድንም፦ በጁን 2022 በምሥራቅ ዩክሬን በሩሲያ ደጋፊዎች እጅ የነበረው የዶኔትስክ ፍርድ ቤት በዩክሬን ጦር ያገለግሉ የነበሩ ሁለት እንግሊዛውያንና አንድ ሞሮኳዊ ላይ ቅጥረኛ ናችሁ ብሎ ሞት ፈረደ። በሴፕቴምበር በእስረኛ ልውውጥ ተፈቱ።

የገዛ አገርዎን ሕግም ያጣሩ። ደቡብ ኮሪያ ያለ ፈቃድ ዩክሬን የገባ ዜጋዋን እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም እስከ 10 ሚሊዮን ዎን መቀጮ ትቀጣለች። ውሉን በሚገባዎት ቋንቋ አስተርጉመው ሳያነቡ አይፈርሙ፤ መቼ መልቀቅ እንደሚቻል፣ ለቆሰለ ሕክምናውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ፣ ቢሞቱ አስከሬንዎንና ክፍያውን ማን እንደሚረከብ በስም ተጽፎ ይገኝ።